ዘር ፍለጋ በበቅሎ የተጓዙት ሊቅ
የኒኮላይ ቫቪሎቭ ሕይወትና ለፎገራ አርሶ አደር የተወው ትምህርት

አርሶ አደር ምንም ቢቸገር እጁን የማይሰድበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ዘር ነው። የበቆሎው ዘር ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ ይጠጣል፤ የጤፉና የዳጉሳው ዘር ለብቻው ይቀመጣል። የመስከረም ረሃብ ቢጠናም እናት ያንን ዘር ከማውጣቷ በፊት ከጎረቤት ብድር ትጠይቃለች። ዘሩን የበላ ቤት የመጪውን ዓመት እህል እንደበላ ያውቃልና።

በዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔታችን የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው ይህንን የአርሶ አደር ሕግ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉ ሩስያዊ ሳይንቲስት ናቸው። ስማቸው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላል። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ዘር ፍለጋ ወደ አገራችን መጥተው በበቅሎ እስከ ጎንደርና አክሱም ተጉዘዋል። ዛሬ የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም ዘር ከየት ይገኛል ተብሎ ሲጠየቅ የሳይንሱ መልስ ዞሮ ዞሮ ወደ እሳቸው ሥራ ይመለሳል። በጽሑፉ ውስጥ በውጭ አገር የተፈጸሙትን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአገራችን የተፈጸሙትን አብዛኛውን ጊዜ በራሳችን አቆጣጠር አስቀምጠናል።

ልደትና ትምህርት

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1887 በሞስኮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ ወጥተው በንግድ ሥራ ራሳቸውን ያቋቋሙ ሰው ነበሩ። ዘመኑ በእኛ አገር ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ በሬ ያጣ ገበሬ ማሳው ጦም ያደረበት፣ ዛሬም ክፉ ቀን እየተባለ የሚታወሰው ረሃብ የጀመረበት ወቅት ነው። ብዙም ሳይቆይ በ1891 እና በ1892 የሩስያም ገበሬ በድርቅ ተመትቶ በቮልጋ ወንዝ ዙሪያ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ቫቪሎቭ እንግዲህ ረሃብ በሚመላለስበት አገር ያደጉ ሰው ናቸው።

በ1906 ሞስኮ በሚገኘው የግብርና ኢንስቲትዩት ገብተው ተማሩ። ከትምህርታቸው በኋላ አእምሯቸውን የያዘው ጥያቄ ማንኛውም ገበሬ የሚያውቀው ጥያቄ ነበር። ሁለት ዓይነት ስንዴ ጎን ለጎን ተዘርቶ አንዱን ዋግ ሲጨርሰው ሌላው ሳይነካ የሚያፈራው ለምንድን ነው? መልሱን ፍለጋ በ1913 ወደ እንግሊዝ ሄደው፣ ያኔ አዲስ በነበረው የዘር ውርስ ሳይንስ ስመ ጥር ከነበረው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማሩ። በሽታን የመቋቋም ኃይል ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ባሕርይ መሆኑንና ይህ ባሕርይ ያለበትን ዘር ፈልጎ በማዳቀል ወደ ሌላው ማሻገር እንደሚቻል ተረድተው ተመለሱ።

በ1917 ቮልጋ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1921 ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ወደምትባለው ከተማ ተዛውረው የአገሪቱን የሰብል ምርምር ተቋም መምራት ጀመሩ። በዚያው ዓመት በቮልጋ አካባቢ ሌላ ድርቅ ገብቶ እስከ 1922 ሚሊዮኖችን ፈጀ። ቫቪሎቭ ከዚያ በኋላ አንድ ዓላማ ነበራቸው። ብርዱን፣ ድርቁንና በሽታውን የሚችል ዘር በዓለም ላይ ካለበት ሁሉ ሰብስቦ ለገበሬው ማድረስ!

ዘር የበዛበት ቦታ

የቫቪሎቭ ትልቁ ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ሰብል ለብዙ ሺህ ዓመታት በገበሬ እጅ ሲዘራ የኖረበት ቦታ ላይ ዓይነቱ እጅግ የበዛ ይሆናል። አንዱ ቶሎ ይደርሳል፤ ሌላው ይዘገያል። አንዱ ቆላውን ይወዳል፤ ሌላው የደጋውን ውርጭ ይችላል። ከዚያ ቦታ ርቆ የሄደው ሰብል ግን ነጋዴ ወይም ተጓዥ ከወሰዳት እፍኝ ዘር የተራባ ስለሆነ ዓይነቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ አዲስ ጠላት ሲመጣ፣ በሽታም ይሁን ድርቅ፣ መድኃኒቱ የሚፈለገው ዘሩ በበዛበት ቦታ ነው።

ይህንን ሐሳብ በ1926 በመጽሐፍ አሳተሙ። በኋላም እንዲህ ያሉትን የዓለም ቦታዎች ስምንት አድርገው ቆጠሩ። ኢትዮጵያ ከስምንቱ አንዷ ሆነች። ቫቪሎቭ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚቆጥሩ ሰው አልነበሩም። ኢራንንና የፓሚርን ተራሮች በ1916፣ አፍጋኒስታንን በ1924 በእግርና በፈረስ አይተው ነበር። በኋላም ቻይናን፣ ጃፓንን፣ ሜክሲኮንና ደቡብ አሜሪካን አዳርሰዋል። በእነዚህ ጉዞዎች መካከል የገባው የኢትዮጵያ ጉዞ በሕይወታቸው ልዩ ስፍራ ነበረው።

በበቅሎ ወደ ጎንደር

ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል ገብተው አዲስ አበባ ደረሱ። ጊዜው የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ነበር። ኢትዮጵያና ሶቪየት ኅብረት ገና የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበራቸውም። ሆኖም አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ተቀብለው አነጋገሯቸው፤ ወደ አገር ውስጥ እንዲጓዙም ፈቀዱላቸው። ሳይንቲስቱ በቅሎና አጃቢ ቀጥረው፣ ጭነት አስጭነው ወደ ሰሜን አመሩ። አባይን ተሻግረው ጎንደር፣ ከጎንደር አክሱም፣ ከዚያም አስመራ ደረሱ።

በየመንገዱ የገበሬ ማሳና የገበያ እህል ሲያዩ እጅግ ተደነቁ። በአውሮፓ የተማረ ሰው ጥሩ ማሳ የሚለው ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ የሆነውን ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ግን እንዲያ አልነበረም። በአንዲት ጥማድ መሬት ላይ ነጭ፣ ቀይና ወይን ጠጅ ፍሬ ያለው ስንዴ፣ ረጅሙና አጭሩ፣ ዛላው የጠበቀውና የላላው አብሮ ቆሞ አገኙት። ገብሱም እንደዚያው ነበር። ቫቪሎቭ ይህን ድብልቅ የገበሬ ስንፍና አድርገው አላዩትም፤ እንደ ሀብት ቆጠሩት። አገራችን የዱረም ስንዴ ዓይነት በዓለም እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች የፊተኛዋ መሆኗንም መሰከሩ። የእኛ ገበሬ ሚስጥሩን ያውቀዋል። ዝናሙ ቢያጥር ቶሎ የሚደርሰው ያወጣዋል፤ ክረምቱ ቢረዝም ዘግይቶ የሚደርሰው ይክሰዋል። በትግራይ ሐንፈጽ እየተባለ ስንዴና ገብስ ተቀላቅሎ የሚዘራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአክሱም አካባቢ ያጋጠማቸው ነገር ደግሞ ስማቸውን ከኢትዮጵያ ጋር አያይዞታል። ቫቪሎቭ ቀደም ብለው በ1920 ባቀረቡት ጥናት፣ ተዛማጅ የሆኑ ሰብሎች ተመሳሳይ ዓይነቶችን እንደሚያወጡ አስረድተው ነበር። ተራው የዳቦ ስንዴ ከዛላው ላይ ጺም ያለውም የሌለውም ከሆነ፣ ዘመዱ ዱረም ስንዴም ጺም የሌለው ዓይነት ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን እንዲህ ያለ ዱረም አልታየም ነበር። ይኸው ይኖራል ያሉት ስንዴ በኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ላይ በቅሎ አገኙት። ገበሬው ስለ ሳይንሱ ሳይሰማ ዘሩን ከአባቱ ተቀብሎ ለዘመናት ሲዘራው ኖሯል።

ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ጉዟቸው 6 ሺህ ያህል የዘርና የዛላ ናሙና ይዘው ተመለሱ። በ1931ም ስለ አገራችን ስንዴ የተጻፈ ሰፊ የምርምር ሥራ አሳተሙ። ከእሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ስንዴና ገብስ መጀመሪያ ከዱር ሣርነት ወደ ሰብልነት የተለወጡት በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑን አረጋግጠዋል። ወደ እኛ አገር ከገቡ በኋላ ግን በደጋው፣ በወይና ደጋውና በቆላው ገበሬ እጅ እንዲህ ያለ ብዛት አግኝተዋል። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ደግሞ ከዚሁ ከምድራችን የተገኙ ናቸው። ብዛቱ በራሱ የመጣ ሳይሆን የገበሬ እጅ ሥራ ነው።

ዘር ከልጓም ይስባል

ቫቪሎቭ በ1929 የአገራቸው የግብርና ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ተቋማቸው በ1940 ገደማ ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ የዘር ናሙና አከማችቶ በዓለም ትልቁ የዘር ቤት ሆኖ ነበር። ነገር ግን ፈተና መጣባቸው።

በ1930ዎቹ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል የግብርና ባለሙያ ተነሣ። የዘር ውርስ ሳይንስ ሐሰት ነው፤ ዘርን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎና በብርድ አቆይቶ ጠባዩን መቀየር ይቻላል ብሎ አስተማረ። ገበሬው ሁሉ በግዳጅ ወደ ጋራ እርሻ ገብቶ፣ ረሃብ ገብቶ፣ መንግሥት ፈጣን ውጤት በሚሻበት ጊዜ ሊሴንኮ በሁለትና በሦስት ዓመት አዲስ ዘር አወጣለሁ አለ። ቫቪሎቭ ጥሩ ዘር ለማውጣት ብዙ ዓመት ያስፈልጋል ይሉ ነበር። ስታሊን ፈጣኑን ተስፋ መረጠ። በአገራችን ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። ተረቱ የሚነገረው ስለ ሰው ዝምድና ቢሆንም ለእህልም ዘር ይሠራል። ቫቪሎቭ ይከራከሩ የነበሩት ለዚሁ ነበር። እህሉ በዘሩ ውስጥ የሌለውን ባሕርይ በግድ ተጎትቶ አያወጣውም፤ ባሕርዩ ያለበትን ዘር ፈልጎ መምረጥና ማዳቀል ግድ ነው።

ሐምሌ 30 ቀን 1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1940) ቫቪሎቭ በምዕራብ ዩክሬን ዘር በመሰብሰብ ላይ እንዳሉ ተያዙ። ከቦርሳቸው የተገኘው በዚያው ጉዞ የለቀሙት የጥንት ስንዴ ነበር። በሐሰት ተከሰው በ1941 ሞት ተፈረደባቸው፤ ኋላ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። የታሰሩት ቀድሞ ባስተማሩባት በሳራቶቭ ነበር። ባለቤታቸውና ልጃቸው ጦርነቱን ሸሽተው በዚያችው ከተማ ሲኖሩ፣ እሳቸው እዚያው መታሰራቸውን አያውቁም ነበር። ጥር 18 ቀን 1935 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1943) ቫቪሎቭ በዚያ እስር ቤት በምግብ እጦት ተጎድተው ሞቱ። ረሃብን ለማጥፋት አምስት አህጉር የዞሩ ሰው በረሃብ አለፉ። ያኔ 55 ዓመታቸው ነበር።

በረሃብ መካከል የተጠበቀ ዘር

እሳቸው በእስር ላይ ሳሉ የዘር ቤቱም ተከብቦ ነበር። የጀርመን ጦር ያኔ ሌኒንግራድ ትባል የነበረችውን ከተማ ከሴፕቴምበር 1941 እስከ ጃንዋሪ 1944 ከቦ ያዛት። ለነዋሪው በቀን የሚታደለው ዳቦ እጅግ በከፋው ጊዜ 125 ግራም ብቻ ነበር። መቶ ሺዎች በረሃብ አለቁ። በተቋሙ ውስጥ ግን ስንዴ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ አተርና ድንች በብዛት ነበረ። ሠራተኞቹ ተፈራርቀው ከአይጥና ከዘራፊ ጠበቁት፤ ድንቹም ብርድ እንዳይገድለው እንጨት እየፈለጉ እሳት አነደዱለት።

ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ ዘሩን ሳይበሉ ሞቱ። የሩዝ ባለሙያው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺህ በሚቆጠሩ የሩዝ ዘር ፓኬቶች መካከል በረሃብ ሞተ። የለውዝ ባለሙያው አሌክሳንደር ሽቹኪን ጠረጴዛው አጠገብ፣ የአጃ ባለሙያዋ ሊዲያ ሮዲናም እንዲሁ አረፉ። ሩዝ ጎተራውን የሚሞላለት የፎገራ ሰው የኢቫኖቭን ታሪክ ከሌላው ይልቅ ይረዳዋል። ከአዲስ ዘመን በላይ ያለው የጣራ ገዳም ደን በዙሪያው ያለው ምድር ሲመነጠር የቆየው መነኮሳትና ምእመናን ስለጠበቁት ነው። የቫቪሎቭም ዘር የተረፈው ከራሳቸው ሆድ አስቀድመው በጠበቁት ሰዎች ነው።

የቫቪሎቭ ስም በ1955 ከወንጀል ነጻ ወጣ። ተቋሙም ዛሬ በእሳቸው ስም ይጠራል።

ከእሳቸው በኋላ በአገራችን

ቫቪሎቭ የኢትዮጵያ ዘር ለዓለም ይጠቅማል ማለታቸው በተግባር ታይቷል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የገብስን ተክል እያቀጨጨ ያስቸገረውን ቫይረስ የሚቋቋም ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ድርቅ ሲመጣ ቅጠሉ ቶሎ የማይጠወልግ የማሽላ ዝርያ ለማውጣት በዓለም የሚጠቀሙበትም የማሽላ ዘር መነሻው ኢትዮጵያ ነው።

እኛም የራሳችንን የዘር ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ አቋቋምን። ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አካል ነው። የዘር ቤቱን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ብዙ ገበሬ ዘሩን በልቶ ባዶ እጁን ሲቀር፣ ከየአካባቢው የአገር ዘር እየተሰበሰበ እንዲተርፍና ተመልሶ ገበሬው ማሳ ላይ እንዲዘራ ሠርተዋል። ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅም መቆየት አለበት የሚለው ሐሳባቸው በዓለም ተሰሚነት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተሸልመዋል። በምሥራቅ ሸዋ በኤጄሬ የተቋቋመው የማኅበረሰብ የዘር ባንክ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው።

ወደ እኛ ሲቀርብ ደግሞ በሰሜን ወሎ በገረገራ እና በትግራይ በሐገረ ሰላም የተደረገው ሙከራ አለ። ከዘር ቤቱ 400 የዱረም ስንዴ ዓይነት ወጥቶ ተዘራ፤ ወንዶችና ሴቶች አርሶ አደሮች ማሳው ላይ ገብተው በዓይናቸው መረጡ። ከአገር ዘሮቹ መካከል በዚያ መሬት ከተሻሻሉት ዝርያዎች የበለጡ ተገኙ። አየሩ የሚለዋወጥ ከሆነ ከሩቅ የመጣ አንድ ዘር ብቻ መጠበቅ እንደማይበቃ ሙከራው አስተምሯል።

የፎገራ ሜዳና የነገው ዘር

የእኛ ሜዳ የራሱ ታሪክ አለው። ርብና ጉማራ ሲሞሉ የሚተኛበት ውኃ ለጤፍና ለሌላው እህል መከራ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራች ማኅበራት ሩዝ ዘርተው አሳዩ። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሩዝ በፎገራ የተጀመረው በማኅበር እጅ መሆኑን በዚህ በዓል ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። የዱር ሩዝም በዚሁ ሜዳ ይበቅላል፤ ቫቪሎቭ ቢያዩት ሳይነቅሉ የሚያልፉት አይመስለንም። ከዚያ ወዲህ ጉማራ፣ ኔሪካ 4፣ እድገትና ህብር የተባሉ ዝርያዎች ተለቀዋል። በወረታ የሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም አዳዲስ ዝርያ በማውጣት ላይ ይሠራል።

ሆኖም አደጋው ግልጽ ነው። ኤክስ ጅግና ፍሬው ነጭ፣ ብርድንም የሚችል በመሆኑ ብዙ ገበሬ እሱኑ ሲዘራ ቆይቷል። አንድ ዘር በሰፊ ሜዳ ላይ ብቻውን ሲቆም ምን እንደሚከተል የስንዴ ገበሬዎች አይተውታል። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ሲነሣ፣ በብዙ ቦታ በስፋት ተዘርቶ የነበረውን ኩብሳ የተባለ ዝርያ መታው። ምርት ይሰጣል ተብሎ ሁሉም የዘራው ስለነበር የብዙው ገበሬ ማሳ አብሮ ተጎዳ። በእኛም አካባቢ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ገበሬ ጎርፍ አፈናቅሏል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ዝናሙ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ጠፍቷል። የክረምቱ መግቢያና መውጫ እንደ ድሮው አይታመንም። ጎርፉን የሚችለው ሩዝ ድርቁን ላይችል ይችላል፤ ድርቁን የሚችለው ዳጉሳ ጎርፉን አይችልም። በቀሪ እርጥበት የሚዘሩት ሽምብራና ጓያም የየራሳቸው ጊዜ አላቸው።

ስለዚህ የቫቪሎቭ ሕይወት ለዩኒየናችን አባላት የሚሰጠው ትምህርት አዲሱን ዘር አትቀበሉ የሚል አይደለም። እሳቸው ራሳቸው ዕድሜያቸውን የፈጁት የተሻለ ዘር ለማውጣት ነው። ትምህርቱ አዲሱን ስንቀበል ነባሩን እንዳንጥል ነው፤ አዲሱ ዘር የሚወጣው ከነባሩ ነውና። የሩዝ ምርት በደህና ዋጋ በሚሸጥበት ዓመት የአያቶቻችን ቀይ ጤፍ፣ ዳጉሳና ጥቁር ገብስ ዋጋ ቢስ መስለው ይታዩ ይሆናል። በአንድ ቀበሌ የመጨረሻው ገበሬ መዝራት ሲያቆም ግን ያ ዘር ከመንደሩ ጠፋ ማለት ነው፤ ገበያ ሄደው አይገዙት።

ይህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በአካባቢው የቀሩትን ነባር ዘሮች ከሽማግሌዎችና በተለይም ዘር መርጠው ከሚያስቀምጡት እናቶች ጠይቆ ይመዝግብ። ፈቃደኛ አባላት ከማሳቸው ዳር ጥቂት መደብ ለይተው በየዓመቱ ይዝሩ። ከምርቱ ጥቂት ኪሎ በማኅበሩ መጋዘን ከነቀን ምልክቱ ይቀመጥ፤ በየዓመቱም በአዲስ ይተካ። ሩዝ የሚዘሩ አባላት ከአንድ ዝርያ ይልቅ ሁለትና ሦስት ዝርያ በየማሳቸው ቢያፈራርቁ አንዱ ሲመታ ሌላው ይተርፋል። ቫቪሎቭ በበቅሎ አገር አቋርጠው የፈለጉት፣ ባልደረቦቻቸውም በረሃብ እየሞቱ የጠበቁት ነገር በእኛ ቤት ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ይገኛል። የመጪውን ዘመን ልጆች የሚያበላው እሱ ስለሆነ አናውርደው።